የሲኒማ ቤት ፈንዲሻ በከሰል ምድጃ፦ በገዳሪፍ ሙቀት ፍሬው ለምን አልፈነዳ ይላል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የከሰል ምድጃና ጀበና ይዘው መንገድ ዳር ከሚቀመጡት ቡና አፍዪዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች ይገኙባቸዋል። ከስኒዎቹ አጠገብ ፈንዲሻ የያዘ ሳህን ማየት የተለመደ ነው። ሱዳናዊው "ፊሻር" ይለዋል። የትግርኛ ተናጋሪው "ዕምባባ" ማለትም አበባ ይለዋል፤ በአማርኛም "አበባ ቆሎ" ብለው የሚጠሩት አሉ። ስሙ ቢለያይም የቡና ቁርስነቱ አንድ ነው።

ይህ የቡና ቁርስ ግን በሲኒማ ቤት ደጃፍ በወረቀት ከረጢት ከሚሸጠው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የሲኒማ ቤቱ ወርቃማ ቢጫ ነው፤ ጥርስ ሲያርፍበት ይሰባበራል፤ ጨውም በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ እኩል ይገኛል። በቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ነጣ ያለና ለስለስ ያለ ሲሆን ጨው ከሳህኑ ሥር ይጠራቀማል፤ አብሮትም ሳይፈነዳ የቀረ ጠንካራ ፍሬ ይገኛል።

ብዙዎች ልዩነቱን ያመጣው በመስታወት የተከለለው ማሽን ይመስላቸዋል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ወሳኞቹ ነገሮች በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የጨው ድቀትና የእንፋሎት መውጫ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ በገዳሪፍም ሆነ ከድንበሩ ማዶ በመተማ ዮሐንስ ገበያ በቀላሉ ይሟላሉ። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው፤ የአካባቢው ደረቅ ሙቀት ውሃውን ከፍሬው ውስጥ ይሰርቀዋልና።

ጉዳዩ የምላስ ብቻ አይደለም። ጥሩ የፈንዲሻ በቆሎ በትክክል ከፈነዳ ከአንድ ኪሎ ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ፈንዲሻ ይወጣዋል። አንድ ሊትር የሚይዝ ሳህን 40 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ፍሬው ደርቆ የሚወጣው በግማሽ ቢቀንስ፣ ያው አንድ ኪሎ በቆሎ፣ ያው ዘይትና ያው ከሰል 20 ሳህን ብቻ ይሞላል። ቡና አፍልታ ልጆቿን ለምታሳድር ሴት ይህ ልዩነት የዕለት ገቢዋን የሚነካ ነው።

ጀበናው በድንበሩ በሁለቱም አቅጣጫ ተሰድዷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሃምዳይት በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሌላ ጉዞ ተጀመረ፤ ከዋና ከተማዋ፣ በኋላም ከጀዚራና ከሴናር ግዛቶች የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ገዳሪፍን አጥለቀለቋት፤ ሌሎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ተጠለሉ። (ስለ ጦርነትም ስለ ቁርስም በአንድ ግስ፣ "ፈነዳ" እያልን መጻፋችን በዚህ አካባቢ ላለ ሰው እንግዳ አይመስለውም።)

ሲኒማ ቤቱና ከረጢቱ

ፈንዲሻና ፊልም የተጋቡት በአሜሪካ ነው። ቻርልስ ክሪተርስ የተባለ የቺካጎ ነጋዴ እ.አ.አ. በ1893 በከተማዋ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ የፈንዲሻ ማሽን አቅርቦ ነበር። ማሽኑን ልዩ ያደረገው ፍሬውን ከስብና ከጨው ጋር አንድ ላይ ማፈንዳቱ ነው። ከዚያ በፊት በቆሎው በደረቁ ይፈነዳና ማጣፈጫው ከላይ ይጨመርበት ነበር። እስከዛሬ የሲኒማ ቤቱን ፈንዲሻ ከቤቱ የሚለየው አንዱ ነገር ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ሲኒማ ቤቶች መጀመሪያ ላይ ፈንዲሻን አልወደዱትም። ምንጣፋቸውን ያቆሽሻል፣ ድምፅ አልባውን ፊልም በኩርሽምሽምታ ይረብሻል ብለው ከደጅ ይመልሱት ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም ድምፅ ሲያወጣ፣ ቀጥሎም ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ በጥቂት ሳንቲም የሚገዛው ከረጢት ብዙ ሲኒማ ቤቶችን ከኪሳራ ታደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆንና ከረሜላ ሲጠፋ ፈንዲሻው ቦታውን አጸና።

የሱዳን ሲኒማ ቤቶች ታሪክ ግን በተቃራኒው ሄዷል። እ.አ.አ. በ1989 ኦማር አል በሽር ሥልጣን ከያዙ በኋላ የአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2019 ለዕይታ የበቃውና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመው የሱሃይብ ጋስሜልባሪ ዘጋቢ ፊልም "ስለ ዛፎች ማውራት" የሚተርከው፣ አራት አንጋፋ ሱዳናውያን የፊልም ባለሙያዎች በኦምዱርማን አንድ የቆየ ሲኒማ ቤት እንደገና ለመክፈት ያደረጉትን ከንቱ ድካም ነው። አዲስ አበባ በበኩሏ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቷን "ሰይጣን ቤት" ብላ ፈርታው እንደነበር ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ከከተማዋ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የፈንዲሻ ሽታ አይጠፋም። በገዳሪፍ ወይም በመጠለያ ጣቢያ ላለ ቤተሰብ ግን ሲኒማ ማለት በትራስ ላይ የተደገፈ ስልክ ሊሆን ይችላል። የሲኒማ ቤት ፈንዲሻ የሚያምረው ሰው እዚያው መሥራት አለበት።

በፍሬው ውስጥ ያለው ጠብታ

የፈንዲሻ በቆሎ ከተራው በቆሎ የተለየ ዝርያ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ልባሱ ጠንካራና እንፋሎት የማያሳልፍ ሲሆን ውስጡ በጠጣር ስታርች የተሞላ ነው። በስታርቹ መካከል ጥቂት ውሃ አለ። ፍሬው ሲሞቅ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይገፋል፤ ልባሱ ግን አያስወጣውም። ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ሲደርስ ልባሱ ይተረተራል። በእንፋሎቱ ሙቀት የለሰለሰው ስታርች እንደ አረፋ ይስፋፋና ወዲያው ቀዝቅዞ ይደርቃል። ነጩ አበባ ይህ ነው።

ለእንጀራና ለገንፎ የሚሆነው ተራ በቆሎ በምጣድ ላይ ቢውል ቆሎ ይሆናል እንጂ ፈንዲሻ አይሆንም፤ ልባሱ እንፋሎቱን ቀስ በቀስ ስለሚያሳልፍ ግፊት አይጠራቀምም። በገበያ "የፈንዲሻ" ተብሎ ለብቻው የሚሸጠውን መግዛት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢማኑኤል ቪሮና አሌክሳንደር ፖኖማሬንኮ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ፍሬዎችን በምድጃ ውስጥ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ፈትነዋል። በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የፈነዱት 34 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሙቀቱ 180 ሲደርስ ግን 96 በመቶዎቹ ፈነዱ። አሥር ዲግሪ ብቻ ነው ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው። "ጧ" የሚለው ድምፅም ልባሱ ሲቀደድ የሚሰማ ሳይሆን የታፈነው እንፋሎት ሲያመልጥ የሚፈጠር መሆኑን እነዚሁ ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ሙቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍሬው ከክብደቱ 13 ወይም 14 በመቶ የሚሆን ውሃ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በታች ከወረደ ልባሱን የሚያፈነዳ ግፊት አይፈጠርም፤ ቢፈነዳም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ከልክ ካለፈ ደግሞ ልባሱ ገና ሳይጠነክር ይለሰልስና ፍሬው ጠንከር ያለ፣ ጫፉ የተቆራረጠና የሚያኘክ ፈንዲሻ ይሆናል።

በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ አየሩም ደረቅ ነው። አፉ በተከፈተ ጆንያ ሳምንታት የቆየ የፈንዲሻ በቆሎ በዚህ አየር ውስጥ ውሃውን እያጣ ይሄዳል። ሻጩ አላጭበረበረም፤ ፍሬውም አልተበላሸም። ደርቋል እንጂ።

የደረቀን ፍሬ መመለስ ይቻላል። አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ማሰሮ ወይም የላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው በፍሬ ይሞላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ውሃ ይጨመርበትና ይከደናል። ውሃው እስኪመጠጥ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው ይነቀነቃል፤ ከዚያ በጥላ ሥር ሦስት ወይም አራት ቀን ይቀመጣል። መቸኮል ዋጋ የለውም፤ ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ውሃው ወደ መሐል የሚዘልቀው በቀናት ነው። ጥቂት ፍሬ አፈንድቶ መፈተን፣ ካልሆነ ሌላ ግማሽ ማንኪያ ጨምሮ መድገም ነው። ፍሬው ላይ ላዩን ረጥቦ ከቆየ ግን ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳው አፍላቶክሲን ሊኖርበት ስለሚችል መጣል አለበት።

መለኪያው ቀላል ነው። አንድ የቡና ስኒ ፍሬ ተፈንድቶ ስንት ስኒ እንደሚሞላ መቁጠር ይበቃል። ከ25 እስከ 30 ስኒ ከሞላ ፍሬው መልካም ነው። ከ15 በታች ከሆነ ውሃ ያንሰዋል፣ አለበለዚያም ምድጃው በቂ ሙቀት አልሰጠም።

ከመግዛት በፊት የሚታይ ነገር

ገዳሪፍና አካባቢዋ የእርሻ ምድር ናቸው። ለዘር የሚሸጥ ወይም የሚታደል በቆሎና ማሽላ ብዙ ጊዜ በፀረ ፈንገስና በፀረ ተባይ መድኃኒት የታሸ ነው። እንዳይበላ ምልክት እንዲሆን ሮዝ፣ ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ይነከራል። በችግር ጊዜ፣ ወይም ጆንያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ይህ ዘር ለምግብ ከሚሆነው እህል ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ኢራቅ በ1971 እና በ1972 በአስከፊ ሁኔታ አይታለች። ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ታሽቶ ለዘር የገባ ስንዴና ገብስ ለገበሬዎች ታደለ። በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ቤተሰቦች ቀለሙን አጥበው ዳቦ ጋገሩበት፤ ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው ነበር። ሆስፒታል የገቡት ከ6,500 በላይ ሲሆኑ 459 ሰዎች እዚያው መሞታቸው ተመዝግቧል። ዛሬ ለዘር የሚውሉት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። ሆኖም ማጠብም ሆነ መቁላት ለምግብነት አያበቃቸውም። ቀለም ያለበት፣ ወይም የመድኃኒት ሽታ የሚሸት ፍሬ ወደ ድስት መግባት የለበትም፤ ለዶሮም አይሰጥም።

ዘይቱ፦ የሰሊጥ አገር ፈተና

የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት የኮኮናት ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከ25 ዲግሪ በታች ይረጋል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ በፈንዲሻው ላይ እንደ ስስ ቆዳ ይደርቅና እጅን ሳያቀባ ያኮራምታል። እ.አ.አ. በ1994 መቀመጫውን በዋሽንግተን ያደረገ የሸማቾች ተከራካሪ ድርጅት፣ በዚህ ዘይት የተሠራ ትልቅ ከረጢት የያዘው ልብን የሚጎዳ ስብ ምን ያህል ከፍተኛ እንደሆነ ይፋ ሲያደርግ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ለጊዜውም ቢሆን ዘይት ቀይረው ነበር።

በገዳሪፍ ሙቀት ይህ ዘይት በጥላ ሥርም ቢሆን ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ዋነኛ ጥቅሙ እዚህ አይሠራም። ከሩቅ አገር የመጣ ውድ ብልቃጥ መፈለግ አያስፈልግም።

ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ናት፤ ከድንበሩ ማዶ ያሉት መተማና ሁመራም እንዲሁ። በመሆኑም ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ሰሊጥ ዘይት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በባህላዊ መጭመቂያ የወጣው፣ ያልተጣራው የሰሊጥ ዘይት በ180 ዲግሪ አካባቢ መጨስ ይጀምራል። ፍሬው የሚፈነዳውም በዚያው ሙቀት ነው። ፈንዲሻው ከመፈንዳቱ በፊት ዘይቱ ይቃጠልና ይመራል። በሱዳን ገበያ በብዛት የሚገኘው የተጣራ የለውዝ ዘይት ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል፤ የተጣራ የሱፍ ዘይትም እንዲሁ። ለማፈንጃ እነዚህን መጠቀም፣ ያልተጣራውን ሰሊጥ ደግሞ መዓዛው እንዲቀር በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጠብ ማድረግ ይሻላል። በእኔ ምርጫ ይህ መዓዛ ከፋብሪካው የቅቤ ማጣፈጫ ይበልጣል።

ስለ ፋብሪካው ማጣፈጫ ከተነሣ፣ "የቅቤ ጣዕም" የሚሰጠው ዲያሴቲል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ለማይክሮዌቭ የሚሆን ፈንዲሻ በሚያመርት ፋብሪካ የሠሩ ስምንት ሰዎች፣ የሳንባን ቀጫጭን ቱቦዎች በሚያጠብብ ብርቱ በሽታ መያዛቸው ታወቀ። ችግሩ የደረሰው ትነቱን በየዕለቱ በሚተነፍሱት ሠራተኞች ላይ ነበር። ያም ሆኖ ንጥር ቅቤ ባለበት አገር ይህን ማጣፈጫ መፈለግ ትርጉም የለውም።

ቅቤው ግን የተነጠረ መሆን አለበት። ያልተነጠረ ቅቤ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ ይይዛል፤ ፈንዲሻ ላይ ሲፈስስ አበባውን ያሟሽሸዋል። ንጥር ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ፍርክስክስታውን አይነካም። የሱዳኑ "ሰምን" ወደ ሲኒማ ቤቱ ጣዕም የሚቀርበው ነው። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የኛው ንጥር ቅቤ ሌላ ጣዕም ይሰጣል፤ ሲኒማ ቤት አይመስልም፣ ግን የሚጠላው ሰው ጥቂት ነው።

በከሰል ላይ

ከሰል ሙቀቱን እንደ ጋዝ ምድጃ በቁልፍ አይቀንስም። ስለዚህ ፍሬው ከመግባቱ በፊት ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ጭሱ ማለቅ አለበት። ሦስት ሊትር የሚይዝ፣ ሥሩ ወፈር ያለ ድስት ይመረጣል። ስስ የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ ፍሙ ባለበት ቦታ ብቻ ስለሚግል ደጋግሞ መነቅነቅ ግድ ነው።

ለአንድ የቡና ስኒ ፍሬ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ዘይት ይበቃል። ዘይቱ ውስጥ ሦስት ፍሬ ብቻ ይጣልና ድስቱ ይከደናል። ሦስቱም ሲፈነዱ ዘይቱ ለሥራው ደርሷል። እነሱን አውጥቶ የቀረውን ፍሬ መጨመር፣ ከዚያም ድስቱን ከምድጃው አውርዶ ግማሽ ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህች ዕረፍት ትንሽ ብትመስልም ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ ፍሬዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ይደርሱና ወደ ምድጃው ሲመለሱ አብረው ይፈነዳሉ። ዕረፍቱ ከተዘለለ ቀድሞ የፈነዳው ሲያርር ዘግይቶ የሞቀው ፍሬ ሳይፈነዳ ይቀራል።

ድስቱ እንደተመለሰ ክዳኑ በትንሹ ገፋ ይደረጋል። በቤት የሚሠራ ፈንዲሻ የሚለሰልስበት ዋና ምክንያት የጠበቀ ክዳን ነው። ከእያንዳንዱ ፍሬ የወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ተመልሶ አበባው ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። የሲኒማ ቤቱ ማሽን ክዳን ላላ ያለ የሆነው ለዚህ ነው። ድስቱን በየጥቂት ሰከንዱ መነቅነቅ ያልፈነዳውን ፍሬ ወደ ታች ያወርደዋል። በሁለት ድምፆች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሲያልፍ ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ መገልበጥ ነው። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ፍሬዎች መጠበቅ የፈነዱትን ያሳርራል።

ጨውን በተመለከተ ሲኒማ ቤቶች የሚጠቀሙት እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ሻካራው ጨው ከደረቅ አበባ ላይ ይንሸራተታል። ተራውን ጨው በሙቀጫ አልሞ በጨርቅ መንፋት ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ከዘይቱ ጋር አብሮ ማስገባትም ይቻላል፤ ክሪተርስ በ1893 እንዳደረገው። ወርቃማው ቀለም በሲኒማ ቤት ከዘይቱ ጋር ከሚገባ ማቅለሚያ ይመጣል፤ በቤት አንድ ቁንጥር እርድ በዘይቱ ውስጥ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ወጥ ወጥ ይላል። ስኳር የሚወድ ፍሬው መፈንዳት ሊጀምር ሲል ይጨምር፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል።

በክረምት፣ ዝናቡ ሲያስገድድ፣ ምድጃውን ወደ ድንኳን ወይም ወደተዘጋ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቤተሰብን በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ፈንዲሻው የሚሠራው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅም ፈንዲሻ አይሰጥም፤ ያልፈነዳው ፍሬና ቀጭኑ ገለፈት ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል።

በቆሎ ካልተገኘስ?

በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው። በፔሩ የባሕር ዳርቻ ከ6,700 ዓመት በፊት ሰዎች ፈንዲሻ ይበሉ እንደነበር አርኪዮሎጂስቶች ደርሰውበታል። ገዳሪፍ ግን የራሷ የሚፈነዳ እህል አላት፤ እሱም ማሽላ ነው።

በሰው እጅ የለማ ማሽላ እስካሁን ከተገኘባቸው ቦታዎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው እዚሁ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ፣ በከሰላ አቅራቢያ ነው። እ.አ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ5,000 ዓመታት በፊት በተሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ስብርባሪ ላይ የማሽላው ገለባ አሻራ ታትሞ ቀርቷል። የገዳሪፍ ሰፋፊ የማሽላ እርሻዎችም ታሪክ አላቸው፤ የተጀመሩት እንግሊዞች በ1944 በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ጦራቸው ስንቅ ፍለጋ ትራክተር ሲያስገቡ ነበር። ዛሬ በመጠለያዎች በዕርዳታ የሚታደለው እህልም አብዛኛውን ጊዜ ማሽላ ነው።

ሁሉም ማሽላ ግን አይፈነዳም። በገዳሪፍ ስሙ የገነነው ፈተሪታ ውስጡ ዱቄታማ ስለሆነ ለኪስራና ለገንፎ እንጂ ለዚህ አይመረጥም። ለመፈንዳት የሚመቸው ፍሬው ትንሽ፣ ሲሰበር ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጠጣር ዝርያ ነው። በሕንድ ምዕራባዊ ክፍል የፈነዳ ማሽላ በሆሊ በዓል የሚቀርብ የታወቀ ምግብ ነው።

አሠራሩ ከበቆሎው ይለያል። ዘይት አያስፈልግም፤ ብረት ምጣድ ወይም ድስት በደረቁ በደንብ ይግላል፤ ማሽላው በአንድ ጊዜ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ ይጨመራል። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈንድቶ ያልቃል፤ በዝቶ ከገባ ከሥር ያለው ያርራል። የሚወጣው አበባ ከበቆሎው በጣም ያነሰ፣ ነጭ፣ ለጥርስ የማይከብድ ነው፤ ገለፈቱም እንደ በቆሎው ድድ ውስጥ አይሰካም። ከመቶ ፍሬ ብዙው ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል፤ እሱ ግን አይጣልም፤ ተቆልቷልና ከለውዝ ጋር ተደባልቆ ቆሎ ይሆናል። ንጥር ቅቤውና የላመው ጨው ከምጣዱ እንደወረደ፣ ገና ትኩስ እያለ ይጨመራል።